ፕሪኤምፕት መቼ ይከፈታል? ብሪጅ ላይ ከጥሪው በፊት የሚሠራ ሒሳብ

ሁለት ለሁለት በሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ በብሪጅ፣ እጃችሁ ላይ ሰባት ሃርት አለ። ከዚያ ውጭ ይህ ነው የሚባል ካርታ የለም። 1 ሃርት ብሎ ለመክፈት ነጥቡ አይበቃም። ፓስ ማለት ደግሞ ሜዳውን ለተጋጣሚዎች ለቆ መስጠት ነው። ፕሪኤምፕት፣ ማለትም በደካማ እጅ ጨረታውን ከፍ አድርጎ መክፈት፣ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ጨረታውን ገና ከመነሻው 2፣ 3 ወይም 4 ላይ ታደርሱታላችሁ። ተጋጣሚዎች ተረጋግተው የሚነጋገሩበት ቦታ ያልቅባቸዋል።

ይህን የምጽፈው ጨረታው እንዴት እንደሚሄድ ለሚያውቅ ሰው ነው። ፕሪኤምፕት ላይ ሲደርስ ግን ወይ በጣም ይፈራል፣ ወይ ያለ ልክ ይደፍራል። ሁለቱንም የሚያስተካክለው አንድ ዓይነት ሒሳብ ነው፤ ከባድም አይደለም።

መጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ። ዙር የምለው አራቱም ተጫዋቾች አንድ አንድ ካርታ የሚጥሉበትን ነው፤ በአንድ እጅ 13 ዙር አለ። ጥሪው ላይ ያለው ቁጥር ከ6 በላይ ስንት ዙር እንደምትወስዱ ይናገራል። ስለዚህ 3 ሃርት ማለት ሃርት ትራምፕ (ሌላውን ዓይነት ሁሉ የሚረታ) ሆኖ 9 ዙር ማለት ነው። ነጥብ ስል ደግሞ ኤስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1 እየተባለ የሚቆጠረውን ነው። ጠቅላላው 40 ነው።

ብዙ ሰው ፕሪኤምፕት ሲያስብ የሚያየው የራሱን ድክመት ብቻ ነው። «ነጥቤ ትንሽ ነው፣ ካርታዬ ረጅም ነው (ከአንድ ዓይነት ብዙ አለኝ)፣ እንግዲህ 3 ልበል» ይላል። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ይቅደም እላለሁ፦ ይህ ጥሪ ማንን ይጎዳል? 3 ሃርት ስትሉ መንገድ የሚዘጋባቸው ተጋጣሚዎች ብቻ አይደሉም። አጋራችሁም አብሮ ይዘጋበታል። ጠንካራውን እጅ የያዘው እሱ ከሆነ በገዛ ቤታችሁ ላይ ከውጭ ቆለፋችሁበት ማለት ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ የሚሄዱት ወደዚሁ ጥያቄ ነው።

እርምጃ 1፦ ስንተኛ ተራ ላይ ናችሁ?

ካርታችሁን ከመደርደራችሁ በፊት አከፋፋዩ ማን እንደሆነ እዩ። ጨረታውን የሚጀምረው እሱ ነው። ቀጥሎ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል።

አንደኛ ተራ ላይ ከሆናችሁ ገና ማንም አልተናገረም። ከሦስቱ ሰዎች ሁለቱ ተጋጣሚ ናቸው፣ አንዱ አጋር ነው። ትልቁ እጅ ተጋጣሚ ጋ የመሆኑ ዕድል ሁለት ለአንድ ነው። እዚህ መድፈር ያዋጣል።

ሁለተኛ ተራ ላይ ነገሩ ይቀየራል። አንዱ ተጋጣሚ ፓስ ብሏል። ያልተናገሩት አንድ ተጋጣሚና አንድ አጋር ብቻ ናቸው። አሁን ማንን እንደምትዘጉ እኩል ለእኩል ነው። ስለዚህ ከአራቱ ተራዎች ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ነው። ሁለተኛ ተራ ላይ የምትጠሩት ፕሪኤምፕት አጋራችሁ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያምነው መሆን አለበት፦ ጥሩ ካርታ፣ ትክክለኛ ርዝመት፣ ምንም የተደበቀ ነገር የሌለው።

ሦስተኛ ተራ የደፋሮች ተራ ነው። አጋራችሁ ፓስ ስላለ ከ11 ነጥብ ብዙም አያልፍም። እናንተ 6 ነጥብ ብትይዙ ለሁለቱ ተጋጣሚዎች ቢያንስ 23 አካባቢ ይቀራል። ከእነሱም አንዱ ፓስ ብሏል። እንግዲህ አራተኛው ሰው ጋ 12 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ተቀምጧል ማለት ነው። የምትዘጉት ሰው ማን እንደሆነ በግልጽ ይታወቃል። አጋራችሁም ትልቅ ነገር ስለሌለው ብዙ አይጎዳም። እዚህ ደንቡን ላላ ማድረግ ይቻላል። ለምሳሌ ይህን ተመልከቱ፦

ስፔድ 6 2፤ ሃርት ኪንግ ኩዊን ጃክ 9 3፤ ዳይመንድ 8 7 5 4፤ ክለብ 10 3

ሃርቱ አምስት ብቻ ነው። አንደኛ ተራ ላይ ፓስ ነው። ሦስተኛ ተራ ላይ፣ በተለይ ቫልነረብል (ትርጉሙ እርምጃ 2 ላይ አለ) ካልሆናችሁ፣ 2 ሃርት በሉ። አራተኛው ሰው ጨረታውን ከ1 መጀመር አይችልም። ተጋጣሚዎች ኮንትራቱን (ጨረታው ያበቃበትን ጥሪ) ቢወስዱት እንኳ አጋራችሁ መጀመሪያ የሚያወጣው ካርታ ሃርት እንደሆነ ያውቃል። ይህ ብቻውን ብዙ ጊዜ አንድ ዙር ያተርፋል።

አራተኛ ተራ ላይ ሦስቱም ፓስ ብለዋል። የሚዘጋበት ሰው የለም። እናንተም ፓስ ካላችሁ እጁ ያለ ውጤት ይታለፋል። ስለዚህ እዚህ 2 የሚባለው ኮንትራቱን አሸንፋለሁ ተብሎ ሲታመን ብቻ ነው። ስፔድ ኪንግ ኩዊን ጃክ 10 7 5፤ ሃርት ኤስ 4፤ ዳይመንድ ጃክ 8 3፤ ክለብ 7 2 ቢኖራችሁ 2 ስፔድ ጥሩ ጥሪ ነው። 11 ነጥብና ስድስት ጠንካራ ስፔድ ነው፤ አንደኛ ተራ ላይ ከሚጠራው 2 ስፔድ ይበልጣል። ደካማ እጅ ይዞ አራተኛ ተራ ላይ መክፈት ግን የተኛን መቀስቀስ ነው።

እርምጃ 2፦ ማን ቫልነረብል ነው?

ይህን ሳያዩ ፕሪኤምፕት መጥራት አይገባም። ቫልነረብል የሆነ ወገን ጌም (እንደ 4 ስፔድ ያለ ትልቅ ጉርሻ ያለው ኮንትራት) ሲያሸንፍ ብዙ ያገኛል፤ ሲወድቅ፣ ማለትም ከጠራው ዙር ሲጎድልበት፣ ደግሞ ብዙ ይቀጣል። ውድድር ላይ ካርታው የሚመጣበት ማቀፊያ ላይ ተጽፏል፤ ፊት ለፊታችሁ ነው። ይህን ሐሳብ ዛሬ ባለው መልክ ከነውጤት አሰጣጡ ያቀናጀው አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ፊንላንድ በምትባል መርከብ ላይ ሲጓዝ። ለፕሪኤምፕት ነፍስ የሰጠውም ይኸው ነው። ቅጣቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ የሚታሰብ ነገር አይኖርም ነበር።

ተጋጣሚ ደብል (ቅጣቱን የሚያከብድ ጥሪ) ብሎ ስትወድቁ የምትከፍሉት ይህን ነው። ቫልነረብል ካልሆናችሁ በአንድ ዙር 100፣ በሁለት 300፣ በሦስት 500፣ በአራት 800። ቫልነረብል ከሆናችሁ 200፣ 500፣ 800፣ 1100። (ቫልነረብል ላልሆነ ወገን በአራት ዙር ያለችው 800 ድሮ 700 ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1987 የዱፕሊኬት (የውድድር ብሪጅ) ሕግ ሲሻሻል ከአራተኛው ዙር ጀምሮ ቅጣቱ ከበደ። ያለ ልክ መድፈር የበዛበት ጊዜ ስለነበር ተገቢ ለውጥ ነው ባይ ነኝ።)

በሌላ በኩል ተጋጣሚዎች 4 ስፔድ ጠርተው 10 ዙር ቢወስዱ ቫልነረብል ካልሆኑ 420 ያገኛሉ፤ ከሆኑ 620። አሁን ሁለቱን አስተያዩ።

እነሱ ቫልነረብል ሆነው እናንተ ካልሆናችሁ፣ በሦስት ዙር ወድቃችሁ 500 ብትከፍሉ እንኳ 620 ከመስጠት ይሻላል። ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ሁለቱም ወገን ካልሆነ በሁለት ዙር መውደቅ 300 ነው፤ ከ420 ያንሳል። በሦስት ከሆነ 500 ነው፤ ኪሳራ።

ሁለቱም ወገን ከሆነ በሁለት ዙር 500 ትከፍላላችሁ፤ ከ620 ያንሳል። በሦስት 800 ነው፤ ይህም ኪሳራ።

እናንተ ብቻ ከሆናችሁ በአንድ ዙር 200 ይችላል። ሁለተኛው ዙር 500 ስለሚያደርሰው ከ420 አልፏል። እዚህ ጋ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

እርምጃ 3፦ ዙር ቁጠሩ፣ ነጥብ አትቁጠሩ

በነጥብ እኩል የሆኑ ሁለት እጆች በዙር በጣም ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ያ ረጅም ካርታችሁ ትራምፕ ቢሆን ብቻችሁን ስንት ዙር እንደምትወስዱ ቁጠሩ። የቀሩት ካርታዎች በሌሎቹ እጅ በመጠኑ ተከፋፍለዋል ብላችሁ ገምቱ።

ኤስ፣ ኪንግ፣ ኩዊን እና አራት ትንንሽ ሰባት ዙር ነው። ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ፣ 10 እና ሦስት ትንንሽ ስድስት ነው፤ አንዱ ለኤስ ይሄዳል። ኩዊን፣ ጃክ፣ 10፣ 9 እና ሦስት ትንንሽ አምስት ነው። ከዚያ ውጭ ያለ ኤስ አንድ ዙር ይጨምራል። ከዚያ ውጭ ያለ ኪንግን ግማሽ በሉት።

ከዚህ በኋላ የምትጠቀሙበት ደንብ በልምምድ የዳበረ ነው፦ 2፣ 3፣ 4። እናንተ ብቻ ቫልነረብል ከሆናችሁ ከቆጠራችሁት ዙር 2 ጨምራችሁ ጥሩ። እኩል ከሆናችሁ 3። እነሱ ብቻ ከሆኑ 4።

ከላይ ካየነው የቅጣት ሒሳብ ጋር ሲታይ ይህ ደንብ አንድ ዙር የበዛ ይመስላል። የበዛችው አንዷ ዙር ከአጋር የምትጠበቅ ናት። እናንተ 6 ነጥብ ከያዛችሁ 34 ለሦስት ሰው ይቀራል፤ ለእያንዳንዱ በአማካይ 11 ይደርሰዋል። 11 ነጥብ ያለው አጋር አንድ ዙር አያጣም፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ያመጣል። የቆየው የኢሊ ካልበርትሰን ደንብ 2 እና 3 ብቻ ነበር፦ ቫልነረብል ከሆናችሁ 2፣ ካልሆናችሁ 3። በዛሬው ውጤት ሁለቱም 500 ላይ ያርፋሉ። መጠንቀቅ የሚወድ ሰው አሁንም በዚያ ቢሄድ አይከስርም።

እስቲ በዚህ እጅ እንሞክረው፦

ስፔድ 7፤ ሃርት ኪንግ ኩዊን ጃክ 10 8 6 4፤ ዳይመንድ 8 5 3፤ ክለብ 9 4

ስድስት ነጥብ፣ ስድስት ዙር። እኩል ከሆናችሁ 6 ሲደመር 3 ዘጠኝ ነው፤ 3 ሃርት። እነሱ ብቻ ቫልነረብል ከሆኑ 6 ሲደመር 4 አሥር ነው፤ 4 ሃርት ማለትም ይቻላል። እናንተ ብቻ ከሆናችሁ 8 ብቻ ይሆናል፤ ደንቡ 2 ሃርት ላይ ያቆማችኋል። ብዙ ሰው ሰባት ሃርት ይዞ 2 ማለት ይከብደዋል። እኔ እዚያ ቦታ ላይ አንደኛ ተራ ከሆንኩ 3 እላለሁ፤ ሁለተኛ ተራ ከሆንኩ 2 እላለሁ። ልዩነቱ ያ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

እርምጃ 4፦ ትልልቆቹ ካርታዎች የት ናቸው?

ጥሩ ፕሪኤምፕት የሚባለው ጉልበቱ በሙሉ በረጅሙ ካርታ ውስጥ ያለ ነው። ከኤስ፣ ኪንግና ኩዊን ሁለቱ፣ ወይም ከአምስቱ ትልልቆች ሦስቱ እዚያ ይኑሩ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ደብል ስትባሉ በትራምፕ ውስጥ ብዙ ዙር አታጡም። አጋራችሁ በመከላከል ላይ ሲሆን ደግሞ ያንን ካርታ ሳይፈራ ያወጣል።

አሁን ይህን እዩ፦

ስፔድ ኤስ 5፤ ሃርት ጃክ 9 7 6 4 3 2፤ ዳይመንድ ኤስ 8 3፤ ክለብ 6

ሰባት ሃርት አለ፤ ነጥቡም 9 ነው። ሆኖም ፓስ ነው። ሃርቱ ባዶ ነው፤ ደብል ከተባላችሁ ትራምፕ ውስጥ ብቻ ሦስት አራት ዙር ሊሄድ ይችላል። ሁለቱ ኤሶች ደግሞ ተጋጣሚ ሲጫወት የሚገድሉ ካርታዎች ናቸው። ተጋጣሚዎች 4 ስፔድ ቢጠሩ ምናልባት ሊያሸንፉት አይችሉም። ታዲያ በራሱ ሊወድቅ የሚችል ኮንትራትን ለመከልከል ምን መክፈል ያስፈልጋል? አጋራችሁም ሁለት ኤስ አላቸው ብሎ አይጠብቅም፤ ቀጥሎ የሚወስነው ሁሉ ይሳሳታል።

ሌላው ጥንቃቄ በጎን ያለ አራት ስፔድ ወይም አራት ሃርት ነው። ስፔድ ኪንግ ጃክ 8 4፤ ሃርት 6፤ ዳይመንድ ኪንግ ኩዊን 10 9 7 3፤ ክለብ 5 2 ይዛችሁ 2 ዳይመንድ ብትሉ አጋራችሁ አራት አምስት ስፔድ ይዞ ዝም ሊል ይችላል። ጌማችሁ እዚያው ይቀበራል። አንደኛና ሁለተኛ ተራ ላይ ፓስ በሉ። ሦስተኛ ተራ ላይ አጋራችሁ ፓስ ስላለ ጌም የመኖሩ ነገር አጠራጣሪ ነው፤ ያኔ 2 ዳይመንድ ብትሉ አልቃወምም።

የካርታው ዓይነትም ይቆጠራል። ስፔድ ከሁሉ በላይ ነው። 3 ስፔድ ስትሉ ተጋጣሚ የራሱን ካርታ ለመጥራት 4 ላይ መውጣት አለበት። 3 ክለብ ስትሉ ግን 3 ዳይመንድ፣ 3 ሃርት፣ 3 ስፔድ ሁሉም ክፍት ናቸው። ስለዚህ አፋፍ ላይ ያለ እጅ ስፔድ ከሆነ ጥሩ፤ ክለብ ከሆነ ሁለቴ አስቡ።

እርምጃ 5፦ ቁመቱን ወስናችሁ በአንድ ጊዜ ጥሩ

መነሻው ቀላል ነው። ስድስት ካርታ 2፣ ሰባት ካርታ 3፣ ስምንት ካርታ 4። 2 ክለብ በአብዛኛው ስምምነት ለትልቁ እጅ የተያዘ ስለሆነ ደካማ ሁለት (በ2 የሚከፈት ፕሪኤምፕት) የሚጠራው በዳይመንድ፣ በሃርትና በስፔድ ነው። የደካማ ሁለት ነጥብ በተለምዶ ከ6 እስከ 10 ነው። ከዚህ መነሻ በተራችሁና በቫልነረብሊቲ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ትሄዳላችሁ።

ስፔድ ኪንግ ኩዊን ጃክ 10 8 7 5 3፤ ሃርት 4፤ ዳይመንድ ጃክ 9 5፤ ክለብ 6 ሰባት ዙር ነው። እኩል ቫልነረብሊቲ ላይ 7 ሲደመር 3 አሥር ነው፤ 4 ስፔድ። ግማሽ መንገድ አትሂዱ። 3 ስፔድ ብሎ ከፍቶ፣ ተጋጣሚ 4 ሃርት ሲል ተመልሶ 4 ስፔድ ማለት ከሁሉ የከፋ ነው። በመጀመሪያ የሚነጋገሩበት ቦታ ትታችሁላቸዋል፣ ቀጥሎ ደግሞ ደብል ወይስ 5 ሃርት የሚለውን አስልተው እንዲመርጡ አድርጋችኋል። የምትደርሱበትን ጣሪያ በአንድ ጥሪ ድረሱበት።

በተቃራኒው እጁ ከጠነከረ ፕሪኤምፕት አይደለም። ስፔድ ኤስ ኪንግ ኩዊን 10 7 6 4 እና በጎን ሌላ ኤስ ያለው እጅ 13 ነጥብ ነው። 1 ስፔድ ተብሎ ይከፈታል።

አራቱንም እጅ ገልጠን እንይ

ያችን የሰባት ሃርት እጅ ይዛችሁ አንደኛ ተራ ላይ ናችሁ። ሁለቱም ወገን ቫልነረብል አይደለም።

ደቡብ (እናንተ)፦ ስፔድ 7፤ ሃርት ኪንግ ኩዊን ጃክ 10 8 6 4፤ ዳይመንድ 8 5 3፤ ክለብ 9 4
ምዕራብ፦ ስፔድ ኪንግ ኩዊን 6 5፤ ሃርት ኤስ 3፤ ዳይመንድ ኪንግ ጃክ 4፤ ክለብ ኤስ 10 7 2
ሰሜን (አጋራችሁ)፦ ስፔድ ኤስ 9 2፤ ሃርት 9 5፤ ዳይመንድ 10 7 2፤ ክለብ ኪንግ ኩዊን ጃክ 6 5
ምሥራቅ፦ ስፔድ ጃክ 10 8 4 3፤ ሃርት 7 2፤ ዳይመንድ ኤስ ኩዊን 9 6፤ ክለብ 8 3

ፓስ ብትሉ ምዕራብ በ17 ነጥቡ 1 ኖ ትራምፕ (ትራምፕ የሌለው ጥሪ) ይከፍታል። ምሥራቅ አምስት ስፔድ እንዳለው ይናገራል። ቀስ ብለው እየተነጋገሩ 4 ስፔድ ሊደርሱ ይችላሉ። የሚያጡት ኤስ ስፔድን፣ አንድ ሃርትና አንድ ክለብ ነው። 10 ዙር፣ 420።

3 ሃርት ስትሉ ግን ምዕራብ ቆም ይላል። 17 ነጥብ ይዞ ፓስ ማለት ያሳዝናል። ደብል ቢል፣ እዚህ ላይ ለአጋሩ «የራስህን ጥራ» ማለት ስለሆነ፣ አጋሩ በምንም ዓይነት እጅ 3 ላይ ወይም 4 ላይ ለመናገር ይገደዳል። 3 ኖ ትራምፕ ቢል ሃርት የሚያስቆመው በአንድ ኤስ ብቻ ነው። በዚህ ካርታ ከደፈረ ይሳካለታል። ፓስ ካለ እናንተ 3 ሃርት ትጫወታላችሁ። በትክክል ከተከላከሉ ሦስት ዳይመንድ፣ ኤስ ሃርትና ኤስ ክለብ ይወስዳሉ። ስምንት ዙር ይቀራችኋል፤ በአንድ ወደቃችሁ፣ 50 ከፈላችሁ። ደብል ብለው ቢቀጧችሁ እንኳ 100 ነው።

አሁን አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። የምሥራቅ ኤስና ኩዊን ዳይመንድ ወደ ሰሜን ይሂዱ፤ የሰሜን 10 እና 7 ወደ ምሥራቅ ይምጡ። የምዕራብ እጅ አልተነካም። የሚሰማው ጨረታም ያው 3 ሃርት ነው። አሁን ግን ምሥራቅ ጋ ያለው 1 ነጥብ ብቻ ነው። ምዕራብ ደብል ብሎ፣ ምሥራቅ 3 ስፔድ ሲል ወደ 4 ቢያሳድገው አንድ ስፔድ፣ አንድ ሃርት፣ ሁለት ዳይመንድና አንድ ክለብ ያጣል። በሁለት ይወድቃል። 3 ኖ ትራምፕ ቢልም 9 ዙር አይደርስም።

ምዕራብ ሁለቱን ሁኔታዎች መለየት የሚችልበት መንገድ የለውም። ፕሪኤምፕት የሚሠራው ይህን ነው። ሁልጊዜ አያሸንፍም። ጎበዙን ተጋጣሚ ግን ወደ ግምት ያወርደዋል።

ከጠራችሁ በኋላ

ዝም በሉ። አንድ ጊዜ 3 ሃርት ካላችሁ እጃችሁን ሙሉ በሙሉ ገልጻችኋል። ከዚህ በኋላ ካፒቴኑ አጋራችሁ ነው። ተጋጣሚዎች 3 ስፔድ ቢሉ፣ 4 ስፔድ ቢሉ፣ አጋራችሁ ካልጠየቃችሁ በቀር አትመለሱ። ምናልባት አጋራችሁ አምስት ስፔድ ይዞ ደብል ሊል እየጠበቀ ይሆናል። ተመልሳችሁ ከጠራችሁ ያንን ገንዘብ ከእጁ ነጠቃችሁት።

የአጋሩ ሥራም በዙር መቁጠር ነው። እኩል ቫልነረብሊቲ ላይ 3 ሃርት ስድስት ዙር ያሳያል፤ ለ10 ዙር አራት ይጎድላል። በሁለተኛው ምሳሌያችን ላይ ሰሜን ኤስ ስፔድ፣ ኤስ ዳይመንድና ከክለቡ ሁለት ዙር አለው። አራት ሞላ፤ 4 ሃርት ይላል። 14 ነጥብ በተበታተኑ ኩዊኖችና ጃኮች ከሆነ ግን ፓስ ነው። ኤስና ኪንግ ዙር ናቸው፤ ኩዊንና ጃክ በጎን ካርታ ላይ ብዙ ጊዜ ለመቆጠር ሳይደርሱ ያልቃሉ። ሃርት አጥቼአለሁ ብሎ ወደ 3 ኖ ትራምፕ መሸሽም አደገኛ ነው። ያ ረጅም ሃርት ያለው እናንተ እጅ ላይ ነው፤ ወደዚያ የሚሻገርበት ካርታ ከሌለው ዋጋ የለውም።

ደካማ እጅ ይዞ ብዙ ትራምፕ ያለው አጋር ደግሞ አጥሩን ከፍ ማድረግ አለበት። መለኪያው ፈረንሳዊው ዣን ሬኔ ቬርን እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው ሐሳብ ነው፤ በሁለታችሁ እጅ ያለውን ትራምፕ ደምሩና እስከዚያ ዙር ድረስ ጥሩ። 2 ሃርት ስድስት ካርታ ነው። አጋር ሦስት ካለው ዘጠኝ ይሆናል፤ 3 ሃርት። አራት ካለው አሥር ይሆናል፤ 4 ሃርት። ይህን ሲያደርግ ደግሞ ወዲያውኑ ያድርገው፤ ተጋጣሚ ከተነጋገረ በኋላ ጥቅሙ ግማሽ ነው።

ከጨዋታው በፊት ከአጋራችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የምትስማሙባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። በደካማ ሁለት ላይ 2 ኖ ትራምፕ ሲባል ምን ይጠይቃል? አዲስ ካርታ መጥራት መልስ ያስገድዳል ወይስ አያስገድድም? ሦስተኛ ተራ ላይ አምስት ካርታ ይፈቀዳል? ስምምነታችሁ ምስጢር አይደለም፤ ተጋጣሚ ሲጠይቅ በሐቅ ይነገረዋል። ሕጉ ነው።

ሌላው የፍጥነት ነገር ነው። 3 ሃርት በፍጥነት ከተባለ «ጥሩ ነው»፣ ሁለት ደቂቃ ታስቦ ከተባለ «አጠራጣሪ ነው» የሚል ወሬ ለአጋር ይደርሳል። አጋር በዚያ ወሬ መጠቀም አይፈቀድለትም፤ ችግር ውስጥ ትከቱታላችሁ። ስለዚህ ተራውንና ቫልነረብሊቲውን ካርታ ከማንሳታችሁ በፊት እዩ። ካርታውን ስትደረድሩ ዙሩን ቁጠሩ። ተራችሁ ሲደርስ መልሱ ዝግጁ ይሆናል፤ ጥሪው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይወጣል።

ለልምምድ አንድ ጥቅል ካርታ ይበቃል። አሥራ ሦስት አሥራ ሦስት እያደረጋችሁ አድሉ። ስድስትና ከዚያ በላይ ካርታ ያለበት ደካማ እጅ ሲመጣ አቁሙ። ያንን አንድ እጅ በአራቱም ተራና በአራቱም የቫልነረብሊቲ ሁኔታ አሳልፉት፤ አሥራ ስድስት ጥያቄ ነው። ለእያንዳንዱ ጥሪያችሁን ጻፉ። ከዚያ የቀሩትን ሦስት እጆች ገልጣችሁ ማን እንደተዘጋ እዩ፦ ተጋጣሚ ነው ወይስ አጋር? አጋራችሁም ያንኑ እጅ ለብቻው ይጻፍና አስተያዩት። መልሳችሁ የተለያየባቸው ቦታዎች ላይ ነው መነጋገር የሚያስፈልገው።